በግራ በኩል ያለው ልብስ ሰፊ

መስከረም 8

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ከነናፍቆቱ ይድረስልኝ። አንተ፣ እትዬ፣ አባባ፣ ሁላችሁም እንዴት ከረማችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዕድሜና ጤና አይንፈጋችሁ።

የአባባ ሥዕል ደረሰኝ። ያው መስኮት፣ ያው መንገድ፣ ያው ከምሳ በኋላ ያለው ብርሃን። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የላከልኝን ሁሉ ግድግዳዬ ላይ ደርድሬዋለሁ፤ ክፍሌን የሚያይ ሰው መስኮቶቿ ሁሉ ወደ አንድ መንገድ የሚያዩ ቤት ይመስለዋል። ማስታወቂያ መጻፉን ትቶ ይቺን መንገድ ብቻ መሳሉ አንተን ያስቅህ ነበር። እኔን ግን በሰው አገር ያቆመኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልብስ ሰፊው የት ሄደ? በቀኝ በኩል ጎማ ጠጋኙ አለ፣ ጎማዎቹ እንደ ወትሮው ተቆልለዋል። መሃል ላይ የመብራት ምሰሶው ቆሟል። ከምሰሶው ወደ ግራ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። የልብስ ሰፊው ሱቅ የለም፣ ባለ መስመሩ የሸራ ጥላው የለም፣ እኔ ልጅ ሆኜ እቀመጥበት የነበረው ደረጃ የለም። አፈረሱት እንዴ? ፊርማውንም ሁልጊዜ ከግራ ሥር ነበር የሚያኖረው፤ አሁን ወደ ቀኝ አምጥቶታል።

መጀመሪያ ግር አለኝ፣ እያየሁት ስውል ግን ወደድኩት። እንደምታውቀው በሥዕል አዳራሹ የእኔ ሥራ ሥዕል ግድግዳ ላይ መስቀል ነው፤ ምስማርና ውሃ ልክ ይዤ መሰላል ላይ እውላለሁ። ከሥራ በኋላ የምማረው ደግሞ የሥዕል ቅንብር ነው፦ ምን የት ተቀመጠ፣ ዓይን በየት ገብቶ በየት ይወጣል፣ የቱ ይከብዳል፣ የቱ ይቀላል። ግማሹን አባባ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲቀባ መሰላሉን ይዤለት የነገረኝ ነው። ሥዕሉን ለአለቃዬ አሳየኋት። መነጽሯን አውልቃ መልሳ አደረገችና፣ ይህን ያህል ባዶ ለመተው የሚደፍር ሰው ማን ነው አለች። አባቴ ነው ስላት የተናገርኩበት ድምፅ ለራሴም ገረመኝ።

በጥር የሚከፈት ኤግዚቢሽን አለን። ከዚያው መስኮት የተሳሉ ሁለት አዳዲስ ሥዕሎች ከመጡልኝ ከዚህኛው ጋር ለአባባ አንድ ግድግዳ ይሰጠዋል። አደራህን።

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው። መልሱ ሳይመጣ ከወጣሁ በሩ ይዘጋብኛል ስላሉኝ ቁጭ ብያለሁ። የፀጉር ቤትህ ስልክ ግን ለምንድን ነው የማይነሳው?

እጃችሁን በሩቁ የምትስም፣
ጭራሮ


ጥቅምት 20

ለጭራሮዋ እህቴ፤

ጤናሽ እንደ ምላስሽ የበረታ ይሁን። እኛ ተመስገን አለን። እትዬሽ ሰላም ብላሻለች።

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ልብስ ሰፊው አልፈረሰም፣ አልሞተም፣ አልተሻሻለምም። ባለፈው የሰፋልኝ ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው ይረዝማል፤ ብነግረው ጥፋቱ የእግርህ ነው አለኝ።

ሥዕሉን በሚመለከት እኔ ምን አውቃለሁ። አባባ ሰዓሊ ነው፤ ሲያሻው ይሞላል፣ ሲያሻው ይተዋል። እኔ የደንበኛዬን ግማሽ ፀጉር ትቼ ባዶ ቦታም ያምራል ብለው በተቀመጠበት ወንበር ነው የሚያሳድደኝ። ሌሎቹን ሥዕሎች ግን ቃል አልገባልሽም። ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ለቆታል። ድካም ድካም ይለዋል። ዕድሜ ነው።

ስልኩ መስመሩ ተበላሽቶ ነው፤ ሊሠሩት ይመጣሉ ተብሏል።

አንድ ያስቸገረኝ ነገር አለ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ መራመድ አቅቶታል። የሚገፋ ወንበር እዚህ ቢፈለግ የለም። እናንተ ዘንድ ያገለገለ ቢገኝ ጠይቂልኝ። ከዚህ በፊት ላኪልኝ ብዬሽ አላውቅም።

ሰላም ሁኚ፣ ብርድ ልብስሽን አትርሺ።
ወንድምሽ


ኅዳር 9

ለወንድም ጋሼ፤

በያላችሁበት ሰላም ዋሉ። ደጉን ያሰማኝ፣ ክፉውን ያርቅልኝ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ልብስ ሰፊው ሱሪ ከጻፍከው በስተቀር የተናገርከው ነገር አጣሁበት። ወንበሩን ጠይቄያለሁ፣ ይገኛል። ግን የሰውየው ቁመትና ክብደት ስንት ነው አሉኝ። ጻፍልኝ።

ሥዕሉን ቃል አልገባም ያልከው ግን አይሆንም። ምን እንደያዛችሁ አላወቃችሁም። እየው ወንድም ጋሼ፣ ጎማዎቹ ጥቁር ናቸው፣ ይከብዳሉ፣ ቀኙን ወደ ታች ይጎትቱታል። ግራው ባዶ ነው። አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ እንደሚሆነው ነው፤ ባዶው ጫፍ አሁን ተነሣ፣ አሁን ተነሣ እያልክ ትጠብቃለህ፣ ግን አይነሣም። ሰው ቆሞ የሚያየው ለዚህ ነው። አብረውኝ የሚማሩት ስለዚያ ባዶ ተጨቃጨቁ። አንዱ ብቸኝነት ነው አለ፣ አንዷ ነጻነት ነው አለች። እኔ የሰዓሊው ልጅ ነኝና ፈገግ አልኩ። ኩራቴን ብታየው ትስቅብኝ ነበር።

አለቃዬ በታኅሣሥ አጋማሽ ካልደረሱ ግድግዳውን ለሌላ እሰጣለሁ ብላለች። አባባን አትጨቅጭቀው፣ ግን ንገረው። ባዶውን ከወደደው ባዶ ይተወው፣ እኔ ሙላ አላልኩም። ደግሞ ከሥዕሎቹ ጀርባ እንደ ድሮው አንዲት መስመር ይጻፍልኝ። ለምን እንደቀረ አልገባኝም።

ጭራሮ


ታኅሣሥ 2

ለእህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው።

ሁለቱን ሥዕሎች በዚህ ልኬያለሁ። እንደምታዪው ሙሉ ናቸው፣ ልብስ ሰፊውም በሁለቱም አለ። ከጀርባው ያልጻፈልሽ እጁን ትንሽ ስለደከመው ነው፤ በቃል ሰላም በልልኝ ብሏል። የወንበሩን ነገር ተይው፣ ሰውየው አይቸኩልም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 21

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታ ይድረስህ። ምርቃቱን ግን ለዛሬ ያዝልኝ፣ ከአፌ አይወጣም።

ሥዕሎቹን ሥራ ቦታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። አለቃዬ አጠገቤ ነበረች። አንዴ አየቻቸው፣ አንዴ እኔን አየችኝና ወደ ቢሮዋ ገባች። ሰው ሲያዝንልኝ አውቃለሁ።

ስለዚህ ላስተምርህ። ምሰሶው ጥላውን ወደ ቀኝ ጥሏል። ጎማዎቹም ወደ ቀኝ። ልክ ነው፤ አባባ በሚስልበት ሰዓት ፀሐይ በልብስ ሰፊው ጣሪያ በኩል ናት። የልብስ ሰፊው ሱቅ ጥላ ግን ወደ ግራ ወድቋል። በአባባ መንገድ ላይ ሁለት ፀሐይ አትወጣም። ሱቁ ደግሞ ከጎማ ቤቱ ጋር እኩል ነው፤ ቁመቱም ስፋቱም ጥቁረቱም። አባባ በዕድሜው ሙሉ ሁለት ጎን እኩል አድርጎ አያውቅም፣ እኩል ሲሆን ዓይን መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል ይል ነበር። ልብስ ሰፊው ራሱ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ያያል። ጠርዝ ላይ ያለ ሰው ወደ ውስጥ ካላየ ተመልካቹን ይዞት ይወጣል ብሎ እኔን ሲቆጣ አንተም ነበርክ። የግራው እርሳስ በጣም ተጭኖ ወረቀቱን ሰንጥቆታል፤ የአባባ እርሳስ እንዲህ አይጫንም።

ሁለቱን ጎን ካላስተካከለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አንድ ነው የማውቀው፣ እሱም መቀስ ይዞ ነው የሚውለው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። የአባባን ሥዕል ማን ንካ አለህ ብዬ ልጮህብህ ነበር። ከዚያ የስልኩ ነገር መጣብኝ፣ የወንበሩ ነገር መጣብኝ፣ ያልተጻፈው መስመር መጣብኝ፣ ቀልድ የሌለበት ደብዳቤህ መጣብኝ። አንተ ያለ ቀልድ የጻፍከው እናታችን የሞተች ጊዜ ብቻ ነው።

አባባ አለ ወይ? የቀኙን ጎን ከድሮ ሥዕሎቹ ላይ ገልብጠኸው ይሆን? ሞቶ ከሆነ መርዶውን ለመቼ ነው የምታቆይልኝ? እኔ እኮ እዚህ ስለ ባዶው ቦታ እያስረዳሁ ነው የከረምኩት። እለምንሃለሁ፣ አትዋሸኝ።

ጭራሮ


ጥር 6

አባባ አለ።

ሰላምታውን የዘለልኩት ከሁሉ በፊት ይህን እንድታነቢ ብዬ ነው። አለ፣ ይበላል፣ ይስቃል፣ ቀኙን ጎን በገዛ እጁ የሳለው እሱ ነው። አሁን ቁጭ በይና ቀሪውን ስሚኝ።

በነሐሴ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ሐኪም ቤት ስንወስደው በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቷል አሉን። ግራ እጁና ግራ እግሩ ሰነፉ። እሱን ለምደነዋል። ያልለመድነው ሌላውን ነው። ዓይኑ ደህና ነው፣ ሐኪሙ አይቶታል፤ ግን ግራ የሚባል ነገር ከሐሳቡ ወጥቷል። ከሳህኑ ላይ የቀኙን በልቶ ምግቡ ምነው አነሰ ይላል። እትዬሽ ሳህኑን ስታዞርለት ይሄ ከየት መጣ ብሎ ይስቃል። ግራ እጁን ጭኑ ላይ አይቶ የማን እጅ ነው ብሎኛል። ያንተ ነው ስለው ደንግጦ፣ ኧረ የሌላ ሰው እጅ ነው፣ ውሰድለት አለኝ።

አንድ ቀን ምላጩን ስጠኝ ብሎ በራሱ እጅ ተላጨ። ቀኝ ጉንጩን አጥርቶ ላጨና መስታወቱን መለሰልኝ፣ ጨረስኩ ብሎ። እኔ የፀጉር አስተካካይ ልጁ ግራ ጉንጩ ላይ ጢሙ ቆሞ እያየሁ እሺ አባባ፣ አምሮብሃል አልኩት። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ተመልሼ ቀሪውን ላጨሁለት።

ልብስ ሰፊው ሊጠይቀው መጥቶ በግራው በኩል ተቀመጠ። አባባ ለሰላምታው መልስ አልሰጠውም፣ ያወራ የነበረው ከእኔ ጋር ብቻ ነው። ሰውየው ምን በደልኩት ብሎ ተቀይሞ ወጣ። በሥዕሉም የሆነው ይኸው ነው። ልብስ ሰፊውን አልተወውም፣ አላፈረሰውም፣ ባዶ ቦታም አልደፈረም። ለሱ ወረቀቱ ሙሉ ነው።

ለምን ደበቅከኝ ትያለሽ። ያስማለኝ እሱ ነው። ወረቀቷን ሳትይዝ ትመጣና ዕድሜዋን ሙሉ የኔን ጥፋት ትሸከማለች፣ እንዳትነግራት፣ አባቴ ይሙት በል አለኝ። እሱ ራሱ አባቴ ሆኖ እንዲህ ብዬ እንድምል አደረገኝ። ይህን ስጽፍልሽ መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ምን ዓይነት ፍርሃት ውስጥ እንዳለሁ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስልኩ አልተበላሸም። ድምፅሽን ሰምቼ መዋሸት ስለማልችል ነው ያላነሳሁት። ወንበሩም ለሱ ነበር። ከሥዕሉ ጀርባ ያላስጻፍኩትም ጽሑፉ ሁሉ ወደ ቀኝ ጠርዝ ስለሚጨናነቅ ነው፤ ትነቂብኝ ነበር።

ግራውን የሞላሁት ባዶውን ደግሜ ከላክሁ ትደርሺብኛለሽ ብዬ ነው። ልብስ ሰፊው ደጅ ቆሜ አይቼ፣ ቤት ገብቼ ሳልኩት። ጥላውን ወደዚያ ያደረግሁት ሁለቱ ጎን እንዲመጣጠን ነው፤ ጥላ በፀሐይ መሆኑን ማን አስቦት።

አትምጪ። ለዚህ ብሎ ነው ያስማለኝ።

ወንድምሽ


ጥር 20

ለወንድም ጋሼ፤

እግዜር ይስጥህ፣ እግዜርም ይይልህ። ሁለቱንም ከልቤ ነው ያልኩት። አባባ ካለ ሌላው ሁሉ ይቻላል።

ባዶውን ሥዕል ከክፍሌ ግድግዳ አወረድኩት። አለቃዬ ታሪኩን ከጎኑ ጽፈን እንስቀለው፣ የበለጠ ሰው ያየዋል አለች፤ አይሆንም አልኳት። ወራት ሙሉ ስናደንቅ የከረምነው አባባ ያጣውን ነገር ነው። ይህን ሳስብ ፊቴ ይቃጠላል። ሥራዬ ማየት ነው ብዬ የአባቴን በሽታ አየሁና አሞገስኩት።

አሁን የምልህን አድርግ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሐኪሙን መጀመሪያ ጠይቀው። አባባ ሰሌዳ ሲቀባ ሰው ከየት ጀምሮ እንዲያነብ የሚፈልግበት ቦታ ላይ ቀይ ያደርግ ነበር። ትዝ ይልሃል? ዓይን ቀዩን ሳያይ አያልፍም ይል ነበር። በሚስልበት ጣውላ ላይ፣ በግራው ጠርዝ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነገር ለጥፍ። ወፍራም ይሁን። እርሳሱን ከማንሳቱ በፊት ቀዩን ፈልግ በለው። ካላገኘው አታግኝለት፣ ራሱ ይፈልግ። ሁላችሁም ቀኝ ቀኙን እየተቀመጣችሁ አታባብሉት፣ ግራው ላይ ተቀመጡና በስሙ ጥሩት።

ምን እንደሆነ ጻፍልኝ። ቀልድ ካለበት ደግሞ ቀልዱን አታስቀርብኝ።

ጭራሮ


የካቲት 18

ለጭራሮ፤

ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ የፈራሽው ይራቅልሽ።

ሐኪሙ ያልሽውን ሰምቶ፣ ይሞከር፣ እኛም እንዲህ ያለ ነገር እናደርጋለን አለኝ። ቀዩን ጨርቅ የሰጠኝ ልብስ ሰፊው ነው። የአባባን ነገር አስረዳሁትና ቂሙን ትቶ ከአንድ ሴትዮ ቀሚስ የተረፈውን ቆርጦ ሰጠኝ። ይቺን ታህል ጨርቅ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ አልቻለም።

የመጀመሪያ ቀን አባባ ሰደበኝ። ቀይ የለም፣ ዓይንህን ታከም አለኝ። አንቺ ባልሽው መሠረት አላገኘሁለትም። ጥርሴን ነክሼ ነው እንጂ ጣውላውን ላዞርለት እጄ ይበላኝ ነበር። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆንን፣ እትዬሽም ሽማግሌ ታሠቃያለህ ብላ ኮረፈችኝ። ከዚያ አንድ ቀን አንገቱን እንደዛገ ማጠፊያ ቀስ እያደረገ አዞረ፣ አዞረ፣ አገኘው። ይሄን ማን ለጠፈው አለ። ልጅህ ናት ያዘዘችው ልል ነበር፣ ዋጥኩት። ከቀዩ ተነስቶ መስኮቱን አየና፣ ይሄ ልብስ ሰፊ እስከዛሬ የት ነበር አለኝ። ሸራውን ሳለው። ተጣሟል፣ ትንሽ ነው፣ ግን ጥላው ወደ ቀኝ ነው፤ አረጋግጫለሁ።

በማግሥቱ ደረጃው ጋ ደርሶ ቆመ። ሥዕሉ እዚህ ጋ ክብደት ያንሰዋል፣ ሰው ያስፈልገዋል አለ። ማንን አልኩት። እርሳሱን አስቀምጦ፣ ጭራሮ ነበረች እዚያ የምትቀመጠው አለኝ። እንግዲያው ሳላት፣ መልኳ ይጠፋሃል እንዴ አልኩት።

“የማላየውን አልስልም” አለኝ።

ሥዕሉን እንዳለ ትቶታል። በየቀኑ ቀዩን ይፈልጋል፣ ደረጃው ድረስ ይሄዳል፣ እዚያ ሲደርስ እርሳሱን ያስቀምጣል።

ይህን የጻፍኩት ነይ ለማለት አይደለም። ሐኪሙ ሕመሙ ሁለተኛ ሊመጣበት ይችላል ብሏል፣ ላይመጣበትም ይችላል። ወረቀትሽ የት ደረሰ? ነይ አላልኩም።

ወንድምሽ


መጋቢት 5

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላም ለቤቱ፣ ሰላም ለመስኮቱ።

ነይ እንዳላልከኝ አውቃለሁ፣ የምመጣው በራሴ ፈቃድ ነው። ወረቀቴ እዚያው እንዳለ ነው፤ ይጠብቀኝ፣ አይጠብቀኝ፣ የራሱ ጉዳይ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ሥራዬን ዛሬ አስረከብኩ። አለቃዬ ውሃ ልኬን በስጦታ ሰጠችኝ። ያንን ግማሹን ሥዕል ከልብሴ መሃል አስገብቼዋለሁ፣ የሚገፋውን ወንበርም ይዤ ነው የምሳፈረው። ይህ ደብዳቤ ቢፈጥን በአንድ ሳምንት ይቀድመኛል።

ለአባባ አትንገረው። ከጣቢያ በቀጥታ ቤት አልገባም። ከምሳ በኋላ፣ እሱ ወንበሩን ወደ መስኮቱ በሚስብበት ሰዓት፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ቀይ ሹራብ ገዝቻለሁ፤ ከሩቅ ዓይን የሚወጋ፣ አንተ ብታየው የምትስቅበት ዓይነት ነው። ፊቴን ወደ ውስጥ፣ ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

ደረጃው ላይ ያየኸኝ ቀን ከጣውላው ላይ ጨርቁን አንሳው። በስሜ አትጥራኝ፣ በጣትህ አታሳየው፣ አንገቱንም አታዙርለት። ቢዘገይም እጠብቃለሁ፣ ጨለማ እስኪሆን ድረስ እቀመጣለሁ። አንተ ብቻ አጠገቡ ቁምና ቀዩን ፈልግ በለው።

ጭራሮ